ነገ ይታረማል፣ ጋሼ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ ሲያበቃ ስንት ፍሬ ይወጣዋል? በቡና አገር የሚያረጅ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቀይ እሸቱ በቅርጫት ሲመጣ የማያልቅ ይመስላል፤ ልጣጩ ወልቆ ፀሐይ ሲመታው ግን እፍኝ ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ስማር ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ይመስለኝ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ የኸይሩ የቤት ዕቃ መደብር ደጃፍ፣ ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ዝናብ ስጠብቅ የምውል ሰው ነኝ። መልሱን አላገኘሁትም። መልሱን የሚመስል አንድ ሰው ግን በየቀኑ በፊቴ ያልፋል።

መናኸሪያ ያለው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ አንድ አራሚ አለው። ውሃ ሊቋረጥ ይችላል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ አራሚ ግን አይጠፋም። አንዱ የሰው መኪና አቋቋም ያርማል። ሌላው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የድንኳን ገመድ አስተሳሰር ያርማል። ማሻ ከተማ የማውቀው አንድ ሽማግሌ ደግሞ የሰውን ሁሉ የሚስማር አመታት ሲያርም ኖሮ የራሱን በር ሳይሠራ ሞተ። የእኛ አራሚ ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀ ሥራ ይዟል። እሱ የሚያርመው የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥርን ነው።

ክቡርነታቸው፣ የሚዛንና የአማን፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድም ዳር ያሉ የታፔላ ስሞች ሁሉ ጠባቂ፣ ሊቀ ኤስ መምህር አስረስ! ኤስ ማለት እንግሊዞች አንዱን ነገር ብዙ ሲያደርጉት ከስሙ ጭራ ላይ የሚቀጥሏት ፊደል ናት፤ እኛ «ኦች» እንደምንለው። አስረስ ከጎጃም፣ ከደምበጫ፣ በዕጣ ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ለአንድ ዓመት ነው የመጣሁት ብሎ ፍራሽ እንኳ አልገዛም ነበር አሉ። ጡረታውን የወጣው እዚሁ ነው። ተማሪዎቹ ስሙ በ«ስ» እንደሚያልቅ አስተውለው፣ «ቲቸር መጀመሪያ አስረ ነበሩ፤ ሲበዙ አስረስ ሆኑ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ቀልዱን ሰምቶ አልተቆጣም። ደንቡን መያዛቸው አስደስቶት ነበር።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ዋናውን መንገድ ይያያዘዋል። እኛ ዘንድ ጃንጥላ ጌጥ አይደለም፤ ዝናቡ እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ ነውና። አስረስ ግን ጃንጥላውን ለዝናብ ሲዘረጋው አይቼ አላውቅም። ጠቋሚው ነው። ታፔላ ፊት ይቆማል። ጮክ ብሎ ያነባል። የጃንጥላውን ጫፍ ጥፋተኛዋ ፊደል ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ባለሱቁን ይጠራና፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ፣ ከተማው ሁሉ በቃሉ የያዘውን ጥያቄ ያቀርባል፦

«አንድ ነው ወይስ ብዙ? ወስን።»

የመጀመሪያው ፌርማታ ኸይሩ ነው። ኸይሩ የስልጤ ሰው ነው፤ ከአባቱ ጋር ሶፋና አልጋ ሊሸጥ መጥቶ የከተማው ግማሽ የሚተኛው በእሱ አልጋ ላይ ሆኗል። ታፔላው ላይ በቀይ «ኸይሩ ፈርኒቸርስ» የሚል አለበት። አስረስ ይህችን የመጨረሻ ኤስ ለማስነሳት ያላደረገው ነገር የለም። ኸይሩ መጀመሪያ ሰሞን ይከራከር ነበር።

«ጋሼ፣ አልጋ አለ፣ ሶፋ አለ፣ ቁም ሳጥን አለ። እንዴት ብዙ አይደለም?»

«ፈርኒቸር አይቆጠርም። እንደ ውሃ ነው፣ እንደ አሸዋ ነው። ኤስ አይነካውም።»

«ትናንት ገቢዎች መጥተው አንድ በአንድ ሲቆጥሩት ዋሉ። እስቲ ለእነሱ ይንገሩልኝ።»

እዚህ ላይ አስረስ ጃንጥላውን አወረደ። ከዚያ ሶፋው ላይ እኔ አጠገብ ተቀመጠ፤ ኸይሩ ሻይ አስመጣ፤ ክርክሩም ስለ ግብር ሆነ። ኸይሩ ከዚያ ወዲህ ከመከራከር የሚሻል መልስ አግኝቷል። «ነገ ይታረማል፣ ጋሼ» ይላል። በዚህች መልስ ብዙ ሶፋ አርጅቷል።

ጥፋቱ ሁሉ የሚወጣው ግን ከአንድ እጅ ነው። ፍሬአብ ይባላል፤ የከተማው ታፔላ ጸሐፊ። የአስረስ ተማሪ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ውጤቱ መምህሩን ያሳዘነ፣ በእጅ ጽሕፈቱ መምህሩን ያስደነቀ። ፍሬአብ ጽሑፍ ሲጀምር የሰሌዳውን መሀል አይለካም፤ ከግራ ጀምሮ ይገፋል። መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ሲተርፈው ኤስ ያስገባል። አስረስ አንድ ቀን ይህን ከራሱ አንደበት ሲሰማ ግድግዳ ተደገፈ። ፍሬአብ ለማጽናናት ብሎ ይመስለኛል፣ «ምን ላድርግ ቲቸር? ከፊደሎቹ ሁሉ ወገብ ያላት እሷ ብቻ ናት» አለው።

ቀጥሎ መናኸሪያው አጠገብ የውድነሽ ጭማቂ ቤት አለ። ውድነሽ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ከወራቤ አካባቢ የመጣች። መስኮቷ ላይ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ሁሉ ኤሱን አስከትሎ ተሰልፏል። ማንጎ ሲበዛ ከኤስ በፊት ሌላ ፊደል ይፈልጋል ብሎ አስረስ ያስረዳታል። እሷ በጥሞና ታዳምጣለች፤ አዳምጣም ስታበቃ የአቮካዶ ጭማቂ በትልቅ ብርጭቆ ታቀርብለታለች። ጭማቂው እስኪያልቅ ትምህርቱ ይረዝማል። ሰው እየቆመ ይሰማል፤ የቆመ ሰው ይጠማዋል። ውድነሽ ማንጎን በስህተት ለመጻፏ የንግድ ምክንያት እንዳላት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ባጃጅ ነጂው ከፈለኝን የሚያህል ግን የለም። የቤንች ልጅ ነው፤ በእናቱ ቋንቋ ድምፅን ከፍ ዝቅ በማድረግ ብቻ የቃል ትርጉም ስለሚለወጥ፣ በጭራ ላይ ፊደል መቀጠል ለሰነፍ የተፈጠረ ዘዴ ነው ብሎ ያምናል። ባጃጁ ኋላ ላይ በእንግሊዝኛ «ጠላቶቼ እያዩ» የሚል አጽፎ ነበር። አስረስ የአማን ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ፣ ጃንጥላውን እንደ ትራፊክ ዱላ ዘርግቶ አስቆመው።

«ጠላትህ ስንት ነው?»

ከፈለኝ አሰበ። «አንድ ነው ቲቸር። የአክስቴ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው አንድን ሰው መንጋ አታድርገው። ኤሱን ፋቀው።»

ከፈለኝ ተሳፋሪ እንደጫነ ወርዶ በቁልፍ ፋቀው። ጠላቱ አንድ ሆኖ ሲታይ ግን ነገሩ ቀለለበት መሰለኝ፤ ብዙ ሳይቆይ ሌላውንም ቃል ፋቀ። አሁን ያ የአክስቱ ልጅ ማታ ማታ ባጃጁን ተቀብሎት ይነዳል።

በስብሰባ ላይም የሚፈራ የለም። አንድ ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተሰብስበን፣ ሰብሳቢው «ስቴክሆልደርሶቻችንና ፓርትነርሶቻችን» እያለ ሲያመሰግን ዋለ። ይህ የእኛው ፈጠራ ነው፦ እንግሊዞች ያበዙትን ቃል ተቀብለን እንደገና በአማርኛ እናበዛዋለን። አስረስ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው የልማት አስተያየት መስሎት ዕድል ሰጠው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሙቀት ነው» አለ አስረስ፤ «እነዚህ ሰዎች ካፖርት ላይ ካፖርት ደርበዋል። አንዱን ያውልቁላቸው።» አዳራሹ በሳቅ ድብልቅልቅ አለ። ሰብሳቢው ለካ የእሱ ተማሪ ነበር። ማይክራፎኑን ሳያጠፋ «ይቅርታ ቲቸር» አለና እስከ ስብሰባው ማብቂያ «ወዳጆቻችን» ሲል ቆየ። ስብሰባው ያለ ወትሮው ሞቅ ብሎ አለቀ።

ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የሚመስለው አለ። እኔም ድሮ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ሳይወጣ አንድ ቀን ክፍል ሲያስተምር በመስኮት አይቼዋለሁ። አንዱን ልጅ ጠርቶ ብቻውን ፊት አቆመውና «ቻይልድ» አለ። ልጁ አፈረ፤ እጁን የሚያደርግበት አጣ። ከዚያ የልጁን ጓደኞች አንድ በአንድ እየጠራ አጠገቡ አሰለፈና «ቺልድረን» አለ። ልጁ ወዲያው ሳቀ። «አያችሁ?» አለ አስረስ፤ «እዚህ ኤስ የለችም። ልጅ ሲበዛ ጭራ አያበቅልም፤ ጓደኛ ያገኛል እንጂ።» የፍልስፍና መምህሮቼ ስለ አንድና ብዙ ሲያስረዱ ግማሽ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

አስረስ ሚስት ነበረችው፤ ማናልሞሽ። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ባሏን ግን ጠንቅቃ ትችለዋለች። እርማቱ ሲረዝም ከኸይሩ ሱቅ ማዶ፣ ከግቢያቸው በር ላይ ሆና ትጣራለች፦ «አስረስ፣ ምሳስ?» ካልመጣ ትደግማለች፦ «ቤትህስ? ሚስትህስ?» እሱም ወደ እኛ ዞር ብሎ «ይህችኛዋ ኤስ አትታረምም» ይልና ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል። ማናልሞሽ በክረምቱ መግቢያ ታማ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

አስረስ ከቀብር ተመልሶ ቤት ገባ፤ አልወጣም። ጢሙ አደገ። ጃንጥላው በሩ ላይ ተሰቅሎ ደረቀ። እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ስለ ሞት የተማርኩትን ሁሉ አወራሁለት፤ በትዕግሥት አዳመጠኝና «ፈላስፋው፣ ደከመህ፤ ሂድ ዕረፍ» አለኝ። ሐዋሳ ባንክ የምትሠራው ልጁ ማህደር ፈቃድ ወስዳ አብራው ሰነበተች። ይዛው ልትሄድ ፈልጋለች። እሱ እሺም እንቢም አላላትም። አንድ ቀን በር ላይ ስትሸኘኝ ወቀሳ የምጀምር መስሏት መሰለኝ፣ ቀድማ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ከእናንተ ልነጥቀው አይደለም። እኔ ስሄድ 'ምሳስ' የሚለው ማን አለ?»



ለቅሶ ቤት ሰው ንፍሮ ይዞ ይሄዳል፣ ዳቦ ይዞ ይሄዳል። ሐዘንተኛን ከሐዘን ለማውጣት አንዱ ጢም ያስላጫል፣ አንዱ ጥቁር ልብስ ያስወልቃል። ኸይሩ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣ እኛስ ለጋሽ አስረስ ምን እንውሰድለት አለ። ውድነሽ ጭማቂ አለች። ኸይሩ ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜ ልኩን ሲለምነን የኖረውን እንስጠው እንጂ አለ።

እኔም የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ሐሳቡን ደገፍኩት። ከማንም በላይ ደገፍኩት! ፍሬአብ መሰላሉን ይዞ መጣ፤ እኔ ከታች ሆኜ እየጠቆምኩ፣ እሱ ከላይ ሆኖ እየፋቀ፣ ዋናውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አጸዳነው። ከፈርኒቸር ላይ ኤሷ ወረደች። የውድነሽ ማንጎ የጎደለችውን ፊደል አገኘ። ፀጉር ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር ታረመ። ፍሬአብ እያንዳንዷን ወገባም ፊደል ሲፍቅ ፊቱን ያዞር ነበር። ስንጨርስ መንገዱ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ መሰለ። በራሳችን በጣም ደስ አለን።

ከተዝካሩ በኋላ አስረስ ማህደር ክንድ ላይ ተደግፎ ወጣ። ጢሙን ተላጭቷል። ጃንጥላውን ይዟል። እኛ ሶፋው ላይ እንደ ሚዜ ተደርድረን ጠበቅነው። የኸይሩ ታፔላ ፊት እንደ ወትሮው ቆመ፤ ጃንጥላውን አነሳ፤ ጫፉ አየር ላይ ቆየና ተመልሶ ወረደ።

«ተስተካክሏል» አለ።

«አዎ ጋሼ። ለእትዬ ማናልሞሽ ብለን ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ወደ ውድነሽ አለፈ፤ አነበበ፤ ጎንበስ ብሎ ምስጋና አቀረበ። ጭማቂ ቀረበለት፤ የሚናገረው ስላልነበረው ቶሎ ጨረሰው። ፀጉር ቤቱን አለፈ። ጎማ ጠጋኙን አለፈ። ድሮ እስከ ምሳ ሰዓት የማያልቀው መንገድ ኸይሩ ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሲመለስ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎት ነበር፤ ሽማግሌ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ሶፋችን ጋ ሲደርስ ወደ ልጁ ዞረ።

«እሺ ማህደር። እንሂድ። እዚህ ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

ሄዱ።  ኸይሩ የገዛ ታፔላውን ሽቅብ እያየ፣ ምን ዓይነት ደደቦች ነን አለ። ደደብ የሚለውን ቃል ራሱ አበዛው፤ የሚያርመው ግን አልነበረም።

ጉዞው ለሰኞ ተቆረጠ። እሑድ ከሰዓት አባትና ልጅ የማናልሞሽን መቃብር ሊሰናበቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ፤ እኛም ያችን ሰዓት ስንጠብቅ ነበር። ፍሬአብ መሰላሉን ሲያመጣ ሠርግ የተጠራ ይመስል ነበር። ሁሉም ኤሱ እንዲመለስለት፣ ከበፊቱም እንዲተልቅለት ወተወተ። ኸይሩ ጥጃ የምታህል ኤስ አዘዘ። ውድነሽ «እንኳን ደህና መጣችሁ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ሳይቀር አስቀጠለች። ከዚህ በፊት ታፔላ ያልነበረው ቆሎ ሻጭ «እኔስ?» ብሎ መጣ፤ ለእሱም ካርቶን ላይ ተጻፈለት። ከፈለኝ ባጃጁን ጠጋ አድርጎ አቆመና አሰበ፤ ጠላት ስላልነበረው «ወዳጆቼ እያዩ» አስባለ፤ የወዳጆቹን ኤስ ግን ሁለት አስደረጋት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ የኸይሩ ኤስ ከወገቧ ላይ መንጠባጠብ ጀመረች። ኸይሩ ሰማዩን አየ፤ ሶፋውን አየ። ያ ላስቲክ ለሠርግ ቤት ሲከራይ እንኳ አልተገፈፈም፤ ኸይሩ ልጆቹ በጥፍራቸው ሲነኩት የሚጮህ ሰው ነው። በአንድ እጁ መዥርጦ አወጣውና መሰላል ላይ ወጥቶ ታፔላውን አለበሰው። ሶፋው ሲበሰብስ ቆመን አየን። እኔ ስለ ኸይሩ ያለኝን አስተያየት ያን ጊዜ አሻሻልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣ ልሸከም ሄድኩ። አስረስ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠ። ማህደር ዓይኗ አብጧል። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ የፍልስፍና ዲግሪዬን ወደ ጎን አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ የማይቆጠረውን ጓዝ ሁለት ጊዜ አበዛሁት።

«ላጌጅሶችህ ከበዱ፣ አስረስ።»

ትከሻው ሽምቅቅ ሲል አየሁ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዋጠው። «ካፖርት ላይ ካፖርት» ሊል እንደነበር እምላለሁ፤ ግን ዋጠው። ተስፋ ቆረጥኩ።

የኸይሩ ሱቅ ፊት ስንደርስ ቆመ። ማህደር፣ አባዬ ሚኒባሱ እየሞላ ነው አለችው። ሐዋሳ የሚሄዱት በጅማ በኩል ነው፤ ከመናኸሪያው የረዳቱ «ጅማ፣ ጅማ!» ይሰማል። አስረስ ላስቲኩ የተነሳለትን ታፔላ አነበበ። ጃንጥላው ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ ጫፉ ያቺን ጥጃ የምታህል ፊደል ነካ። ሲመለስ ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም ነበረበት።

ቀለሙን አየ። የተራቆተውን፣ ውሃ የጠጣውን ሶፋ አየ። ፍሬአብ ቀያይ ጣቶቹን ከኋላው ደበቀ። ውድነሽ የመስኮቷን መጋረጃ ይዛ ቆማለች። 

«ኸይሩ።»

«አቤት ጋሼ።»

«አንድ ነው ወይስ ብዙ?»

ኸይሩ ታፔላውን አልተመለከተም። እኛን ተመለከተ፤ ሶፋው ዙሪያ የቆምነውን፣ ከየሱቁ አንገቱን ያወጣውን ሁሉ። 

«ብዙ ነን፣ ጋሼ።»

 አስረስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እርጥቡ ሶፋ ላይ አስቀመጠው። «ፈርኒቸር አይቆጠርም» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ከሐዘኑ በፊት እንደነበረው ነበር። ኸይሩ ከምር ተከራከረው፤ ገቢዎችን ዳግመኛ ጠቀሰለት። ከዚያ ወደ ውድነሽ አለፈ፤ ከዚያ ወደ ቆሎ ሻጩ። ቆሎ ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታረም ደስታው ከፊቱ ተረፈ። ከፈለኝ ሁለቱ ኤሶች ፊት ቀርቦ በገዛ ፈቃዱ ተሰለፈ። ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ጡሩምባውን ነፍቶ፣ በፊታችን ወደ ጅማ አለፈ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም፤ ከማህደር በቀር። እሷ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ጠጋ ስል ስትስቅ አገኘኋት፤ ወይም ሁለቱንም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከጭማቂ ቤቱ ጎርናናው ድምፅ ተሰማ።

«ጋሽ አስረስ፣ ምሳስ?»

አስረስ ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር ፊቱን አላየሁም። ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ሲሸጉጥ ግን አየሁ። ማህደር በማግስቱ ብቻዋን ሄደች። ስትሳፈር ውድነሽን አቅፋ ብዙ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት።

ይህ ከሆነ ሰንብቷል። አስረስ ዛሬም ጠዋት አልፏል፤ እኔም ትንሽ ስህተት አላጣሁለትም፤ «ኢንፎርሜሽኖችስ አሉ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ምሳ ሰዓት ድረስ አስተማረኝ። የአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ይወጣዋል ብዬ የጀመርኩትን ጥያቄ እሱን ባማክረው የሚመልሰው ይመስለኛል፦ አንዳንድ ነገር አይቆጠርም ይለኛል፤ እንደ ውሃ፣ እንደ አሸዋ፣ እንደ ኸይሩ ፈርኒቸር። ግን አልጠየቅሁትም። እሱ ራሱ የሚጠይቀው አለው።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሁላችንንም ሶፋው ዙሪያ ሰብስቦን ነበር። አዲስ ላስቲክ ለብሷል፣ ሶፋው። አስረስ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ እንደ ኑዛዜ በዝግታ ተናገረ። ዕድሜው እየመሸ እንደሆነ፣ ከእኛ የሚፈልገው ሀብትም ክብርም እንደሌለ፣ አንድ ልመና ብቻ እንዳለው። ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ከስህተት ነጽቶ ማየት ይፈልጋል። ዓይኑ እየሳቀ መሆን አለመሆኑን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ኸይሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ነገ ይታረማል፣ ጋሼ» አለ። ውድነሽም ነገ አለች። ፍሬአብም፣ ከፈለኝም፣ ቆሎ ሻጩም። እኔም አልኩ። ልመናውን እሺ ያላለው የለም፤ እስከ ዛሬ የፈጸመለትም የለም።